ወገቤ ተጎድቷል፣ ኢንሹራንሱም እየከፈለ ነው፤ ጠበቃ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ መጋዘን ነው። ከአምስት ወር በፊት ካርቶን ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ያኔውኑ ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኩት፣ ኤችአርም ፎርም ሞላ። ኢንሹራንሱ ሕክምናዬን እየከፈለ ነው፤ በየሳምንቱም 560 ዶላር ይልክልኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስክህ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል አሉኝ፤ ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሬ ይወርዳል። ሐኪሙ ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳላነሳ ጻፈልኝ፣ መሥሪያ ቤቱ ግን ቀላል ሥራ የለንም ስላለኝ ቤት ነኝ። አሁን ኢንሹራንሱ 18,000 ዶላር ወስደህ ጉዳዩን እንዝጋው የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ጓደኞቼ ጠበቃ ያዝ ይሉኛል። እኔ ግን መሥሪያ ቤቴን መክሰስ አልፈልግም፤ ጠበቃ ደግሞ ሲሶውን ይወስዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ጠበቃ ይያዙ። ጠበቃ ሳያየውም ለ18,000 ዶላሩ «እሺ»ም «እምቢ»ም አይበሉ። ይሁንና ከጠበቃው የሚቀድም፣ ዛሬ ራስዎ ሊጨርሱት የሚችሉት አንድ ሥራ አለ። ከጻፉት እንደምረዳው እስካሁን ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን፣ ማለትም የሥራ ላይ ጉዳት ካሳን ለሚወስነው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ የራስዎን ማመልከቻ አላስገቡም።

ኤችአር የሞላው ፎርም የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ነው። አሠሪው አደጋ መድረሱን የሚያሳውቅበት ወረቀት እንጂ የእርስዎ የካሳ ጥያቄ አይደለም። የእርስዎ ጥያቄ የሚጀምረው ቁጥር 5 የሚባለውን የክሌም ፎርም ራስዎ ሞልተው፣ ፈርመው ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ሲያስገቡ ነው። ለዚህ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪ ማሳወቅ ሌላ ግዴታ ነው፤ እሱን ተወጥተዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለቱ መካከል ነው። ቼኩ በየሳምንቱ ስለሚመጣ ጉዳዩ የተመዘገበ ይመስለዋል፤ ሁለት ዓመቱ ያልፋል፣ ቼኩ ይቆማል፣ ከዚያ አቤት የሚልበት ያጣል። ጊዜውን የሚያራዝሙ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አይመከርም። ቅጹን ማስገባት ምንም አያስከፍልም።

ቅጹን ሲሞሉ የተጎዳው አካል በሚጠየቅበት ቦታ «ወገብ» ብለው አያቁሙ፤ «ወገብና ቀኝ እግር» ብለው ይጻፉ። በሁለት ዓመቱ ውስጥ በስም ያልተጠየቀ የአካል ክፍል በኋላ ሕክምና ሲፈልግ ኢንሹራንሱ «ይህ እዚህ ውስጥ የለም» ለማለት መብት ያገኛል። ይህ በእርስዎ ጉዳይ ላይ ሌላም ክብደት አለው። ቨርጂኒያ ለዘለቄታ ጉዳት የምትከፍለው በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ለሰፈሩ የአካል ክፍሎች ነው፤ ለእግር እስከ 175 ሳምንት፣ ለክንድ እስከ 200 ሳምንት ይታሰባል፣ እንደ ጉዳቱ መቶኛ። ወገብ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ቀን የዘለቄታ ጉዳት መቶኛ ሲሰጥ ሊያስከፍል የሚችለው ወደ እግር የወረደው ጉዳት ነው። እግሩ ከቅጹ ላይ ከቀረ ያ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው መፈለግ ያለብዎት ወረቀት አዋርድ ኦርደር የሚባለው፣ ኮሚሽኑ ካሳ እንዲከፈልዎ የሚያዝበት ውሳኔ ነው። ኢንሹራንሱ አሁን የሚከፍልዎ በራሱ ፈቃድ ነው። በራሱ ፈቃድ የጀመረውን በራሱ ፈቃድ ሊያቆም ይችላል፤ አንድ ሰኞ ቼኩ አይመጣም፣ የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ኮሚሽኑ አዋርድ ከሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢንሹራንሱ ክፍያ ማቆም ከፈለገ ማመልከት፣ ምክንያቱን ማሳየት፣ ካስፈለገም በችሎት ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። በአዋርድ ሥር ከጉዳቱ ጋር የተያያዘና አስፈላጊ የሆነ ሕክምና የጊዜ ገደብ የለውም፤ ሳምንታዊው ክፍያ ደግሞ እስከ 500 ሳምንት ሊሄድ ይችላል። አምስት ወር ሙሉ ከፍለውልዎ፣ ኮሚሽኑ አዋርድ የሚሰጥበትን የስምምነት ፎርም (ይህ ጉዳዩን ከሚዘጋው ስምምነት የተለየ ነው) እንዲፈርሙ ካላቀረቡልዎና ለኮሚሽኑ ካልላኩ፣ ያ ብቻውን ጠበቃ ለመጥራት በቂ ምክንያት ነው።

ፎርሙ ቢመጣም ሳያነቡ አይፈርሙ። የአደጋውን ቀን፣ የተዘረዘሩትን የአካል ክፍሎችና አማካይ ሳምንታዊ ደሞዝዎን ይመልከቱ። ክፍያው የደሞዝ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ 560 ዶላር የሚልኩልዎ አማካዩን 840 ብለው ስላሰሉ ነው። ይህ ቁጥር መወሰድ ያለበት ግብር ሳይቀነስ፣ ኦቨርታይም ተጨምሮ፣ ከአደጋው በፊት ከነበሩት 52 ሳምንታት ነው። የበዓል ሰሞን ኦቨርታይም ቢገባና እውነተኛው አማካይ 960 ቢሆን፣ በሳምንት 640 ሊደርስዎ ይገባ ነበር። በሳምንት 80 ዶላር በዓመት 4,160 ይሆናል። የክፍያ ወረቀቶችዎን አውጥተው ራስዎ ይደምሩት፤ ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግም። ሁለተኛ ሥራ ከነበረዎት የሚደመረው ከመጋዘኑ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ የስምምነት ፎርም ጋር ተያይዞ ክፍያው መቆሙን የሚገልጽ ሌላ ፎርም ሊላክ ይችላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ፈርሞ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው።

ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። ጠበቃ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ጣቱን ስለት ጫር አድርጎት የተሰፋ፣ ለጥቂት ቀን ያረፈ፣ ምንም ገደብ ሳይኖርበት ወደ ሥራው የተመለሰና የሕክምናው ሂሳብ የተከፈለለት ሰው ክሌም ፎርሙን አስገብቶ መቀመጥ ይበቃዋል። ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ከ7 ቀን ካላለፈ የደሞዝ ክፍያም የለም፤ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የሚከፈሉት ከሥራ መቅረቱ ከ3 ሳምንት ሲያልፍ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለጠበቃ ቢወስዱት ራሱ ጠበቃው «አያስፈልግህም» ይልዎታል፤ ከምኑ ይከፈለዋል? የእርስዎ ግን ከዚህ ወጥቷል። ነርቭ የተጫነ ዲስክ አለ፣ ቀዶ ሕክምና ሊመጣ ይችላል፣ የሥራ ገደብ አለ፣ አሠሪው ቀላል ሥራ የለኝም ብሏል፣ አዋርድ የለም፣ የመዝጊያ ገንዘብም ቀርቧል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጠበቃ ለማማከር ይበቃል።

ካሳ መጠየቅ መሥሪያ ቤትዎን መክሰስ አይደለም። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም፤ ሠራተኛው ቢዘናጋም ይከፈላል፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፈላል። በምላሹ ሠራተኛው አሠሪውን በቸልተኝነት የመክሰስ መብቱን ያጣል። የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው፣ ክርክሩም ከእሱ ጋር ነው። ካሳ በመጠየቁ ብቻ ሠራተኛን ማባረር በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ ነው። ገደቡንም ይወቁት፦ ሕጉ አሠሪው ቦታዎን ለዘለዓለም ክፍት አድርጎ እንዲጠብቅዎ አያስገድድም። መሥሪያ ቤቱ 50 ሠራተኛ ካለውና እርስዎም ዓመት ከሞላዎት በፌዴራል ሕግ የ12 ሳምንት ፈቃድ ሊገባዎት ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የሥራው ዋስትና የተለየ ጉዳይ ይሆናል።

ሲሶ ይወስዳል የሚባለው ከመኪና አደጋ የመጣ ወሬ ነው። በቨርጂኒያ የካሳ ጉዳይ የጠበቃውን ክፍያ የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው፤ ኮሚሽኑ ሳያጸድቅ ጠበቃው ከእርስዎ ገንዘብ መቀበል አይችልም። በመዝጊያ ስምምነት ላይ የተለመደው እስከ 20 በመቶ ነው። መጀመሪያ የሚከፈል ነገር የለም፤ የመጀመሪያ ምክክርም አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ከአገልግሎቱ ዋጋ ተለይቶ የሚታሰብ ወጪ ግን አለ፤ የሕክምና መዝገብ ማስወጫ፣ ሐኪም በቃለ መሐላ የሚመሰክርበት ክፍያና የመሳሰለው። ጉዳዩ ቢሸነፍ ይህን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ተጽፎ ይዩት። በነገራችን ላይ ወረቀት እሞላለሁ፣ ጉዳይ አስጨርሳለሁ እያሉ በቅድሚያ ገንዘብ የሚቀበሉ የአገር ሰዎች አይጠፉም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያልሆነ ሰው በኮሚሽኑ ፊት ሊወክልዎ አይችልም፤ የሞላው ቅጽ ላይ ስሕተት ቢገኝም የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

አሁን 18,000ውን እንመንዝረው። በሳምንት 560 ዶላር ሲካፈል 32 ሳምንት ከምናምን ነው፤ ሰባት ወር ተኩል ገደማ። ስምምነቱ «ሙሉና የመጨረሻ» ከሆነ ከሳምንታዊው ክፍያ ጋር የወገብዎ ሕክምናም አብሮ ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝ ሂሳቡ የእርስዎ ነው፤ የግል የጤና ኢንሹራንስዎም «ይህ የሥራ ላይ ጉዳት ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በ18,000 ላይ የ20 በመቶ ክፍያ 3,600 ነው፣ ይህ ያሳስብዎታል። ነገር ግን ጠበቃው ገንዘቡን 22,500 ቢያደርሰው ከክፍያው በኋላ እጅዎ የሚገባው ያው 18,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ሕክምናው ክፍት ሆኖ እንዲቀር ቢያደርግ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ሲያቀርብ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ አስቀድሞ አስልቶታል፤ እርስዎም ሳያሰሉ መፈረም የለብዎትም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ቁርጡን ሳይናገር ጉዳዩን መዝጋት፣ በእኔ እይታ፣ በምንም ዋጋ ጥድፊያ ነው። ስምምነት በፈቃድ የሚደረግ ነው፣ ኮሚሽኑም ካላጸደቀው አይጸናም። «እስከ ዓርብ ካልመለስክ ይቀራል» ቢሉዎ አይደንግጡ፤ የቀረበው ገንዘብ ቢነሳም መብትዎ አብሮ አይነሳም። አንዳንዴ ከስምምነቱ ጋር የሥራ መልቀቂያ ያስፈርማሉ፤ ይህንንም ለጠበቃው ያሳዩት።

አድጀስተር የሚባለው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ድምፅ የሚቀዳ ቃለ ምልልስ ጠይቆ ከነበረ፣ ወይም ገና ከጠየቀ፣ ይህን ይወቁ። የቨርጂኒያ ሕግ ከብዙ ክፍለ ግዛቶች የጠበቀ ነው። ቀስ በቀስ፣ በሥራ ብዛት የመጣ የወገብ ሕመም አይካስም፤ በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ድርጊት፣ በድንገት የደረሰ ጉዳት መሆን አለበት። «ሥራው ከባድ ነው፣ ወገቤን ሲያመኝ ቆይቶ በዚያ ሳምንት ባሰብኝ» ማለት የአገራችን ሰው የተለመደ አነጋገር ነው፤ ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ጉዳዩን ሊገድለው ይችላል። እውነቱ «ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ ከፓሌቱ ላይ ካርቶን ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ፣ ቀና ማለት አቃተኝ» ከሆነ፣ በዚያ መልክ ነው መነገር ያለበት። ያልሆነውን ሆነ ይበሉ ማለቴ አይደለም፤ የሆነውን ከነሰዓቱ ይናገሩ። በሰዓቱ ነገር ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። ለአስተርጓሚው በሐበሻ አቆጣጠር «ስምንት ሰዓት» ብለው በመዝገቡ ላይ ከጠዋቱ ስምንት ሆኖ ከገባ፣ የሱፐርቫይዘሩ ሪፖርት ከሚለው ጋር ስድስት ሰዓት ይለያያል፤ ያ ልዩነት በችሎት «ቃሉን ለዋውጧል» ተብሎ ይነበባል። የመጀመሪያ ቀን የሕክምና መዝገብዎንም ቅጂ ይጠይቁ። ነርሷ «የወገብ ሕመም፣ ለሳምንታት» ብላ ጽፋ ከሆነ ጠበቃዎ ከኢንሹራንሱ ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ቤት መቀመጥዎ ሌላው አደጋ ነው። ሐኪሙ ጨርሶ አትሥራ አላለም፤ ከ20 ፓውንድ በላይ አታንሳ ነው ያለው። ክፍት አዋርድ የሌለው ሰው በከፊል መሥራት ከቻለ በገደቡ ውስጥ የሚሆን ሥራ መፈለጉን ማሳየት አለበት። ካላሳየ ክፍያው በተቋረጠ ጊዜ «ሥራ ለምን አልፈለግህም?» ለሚለው መልስ አይኖረውም። በቨርጂኒያ የቅጥር ኮሚሽን ይመዝገቡ፣ እንደ መነሻም በሳምንት ቢያንስ 5 ቦታ ያመልክቱ። ቀኑን፣ ድርጅቱን፣ ያነጋገሩትን ሰውና የተሰጠዎትን መልስ በአንድ ደብተር ይያዙ። አሠሪዎ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በገደቡ ውስጥ ያለ ቀላል ሥራ ቢሰጥዎ ደግሞ እምቢ አይበሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ክፍያውን ያስቆማል። ደሞዙ ከድሮው ካነሰ የልዩነቱ ሁለት ሦስተኛ ሊከፈልዎ ይገባል።

ሐኪሙን የመረጠው ማን እንደሆነም ይመልከቱ። ኢንሹራንሱ ወይም አሠሪው ቢያንስ የ3 ሐኪሞች ዝርዝር ሊያቀርብልዎ ይገባ ነበር። ሳይሰጥዎ በቀጥታ «እዚህ ሂድ» ብለው ከሆነ የመምረጥ መብትዎ ምናልባት አሁንም አለ። ከመረጡ በኋላ ግን ያለ ኢንሹራንሱ ወይም ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ መቀየር አይቻልም፤ በራስዎ የሄዱበት ሐኪም ሂሳብ በእርስዎ ላይ ይቀራል። ኢንሹራንሱ ለራሱ ምርመራ ወደ ሌላ ሐኪም ቢልክዎ ይሂዱ፤ መቅረት ክፍያ ያሳግዳል። ጉዳይዎን የምትከታተል ነርስ ከመደቡልዎ፣ ምርመራ ክፍል አብራ እንዳትገባ መጠየቅ ይችላሉ። ለሕክምና የተጓዙበትን ማይልም ይመዝግቡ፣ ይመለሳል።

ጠበቃው የማይችለውንም ልንገርዎ። ለሥቃይና ለእንግልት ካሳ ማምጣት አይችልም፤ ይህ በካሳ ሕጉ ውስጥ የለም። ሐኪሙ ያልጻፈውን ገደብ ሊፈጥር፣ ኢንሹራንሱንም ስምምነት እንዲያቀርብ ሊያስገድድ አይችልም። ችሎት እስኪደርስም ወራት ይወስዳል። ሥቃይን የሚያስከፍል መንገድ የሚኖረው ጉዳቱን ያደረሰው ሦስተኛ ወገን ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ የሌላ ድርጅት ሹፌር በፎርክሊፍት ገጭቶ ቢሆን። የእርስዎ እንደዚያ አይመስልም። ሆኖም ማንም ሦስተኛ ወገን ካለ፣ ከእሱ ጋር የካሳ ኢንሹራንሱ ሳይፈቅድ መስማማት ሳምንታዊውን ክፍያም ሕክምናውንም ሊያሳጣ ስለሚችል ለብቻዎ አይንኩት። የመኖሪያ ወረቀት አለመኖር ሰውን ከካሳ ሕጉ ውጭ አያደርገውም፤ ነገር ግን በከፊል መሥራት ለሚችል ሰው የሚከፈለውን የደሞዝ ልዩነት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ ያለበት ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ያነጋግር።

ይህን ያነበበ የሌላ ክፍለ ግዛት ሰው ቀኖቹን እንዳይወስድ። ዲሲ ላይ ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ሜሪላንድ ላይ ለአሠሪ የማሳወቂያው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ የሚሠሩ ሰዎች በየትኛው ሕግ መጠየቅ እንደሚሻል ራሱን የቻለ የጠበቃ ጥያቄ ነው።

ጠበቃ ሲመርጡ ዋና ሥራው የቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ የሆነውን ይፈልጉ፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይዎን የጨረሰልዎ ጎበዝ ጠበቃ ለዚህ ትክክለኛው ሰው ላይሆን ይችላል። ፋይሉን እሱ ራሱ ወይስ ረዳቱ እንደሚይዘው፣ በኮሚሽኑ ችሎት ቆሞ እንደሚከራከር ወይስ በስምምነት ብቻ እንደሚጨርስ ይጠይቁት። ሲሄዱ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ፣ ያስገቡትን ክሌም ፎርም፣ የ52 ሳምንት የክፍያ ወረቀት፣ የኤምአርአይ ውጤቱንና የሐኪሙን የሥራ ገደብ ይያዙ። ጠበቃ እስኪያገኙ በኮሚሽኑ ያለው ኦምቡድስማን ጠበቃ ለሌላቸው ሰዎች ስለ አሠራሩ በነጻ ያስረዳል፤ እሱ ግን ገለልተኛ ስለሆነ «18,000ውን ልውሰድ?» ብለው ቢጠይቁት አይመልስልዎትም። ለችሎት አስተርጓሚ ካስፈለገዎት ለኮሚሽኑ አስቀድመው ያሳውቁ፤ ልጅዎን ወይም ጓደኛዎን ለማስተርጎም ይዘው አይሂዱ። በዚህ መሐል አድጀስተሩ ቢደውል «ደብዳቤው ደርሶኛል፣ አማክሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብለው ይዝጉት፤ ጠበቃ ከያዙ በኋላ ስልኩ ወደ እሱ ይሄዳል።